የዴቢያን መነሻ ገጽ፦ ትልቁ ቁልፍና ከጀርባው ያለው ፋይል

ዴቢያን በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ነው፤ ድረ-ገጹ ለዓመታት የሚታማበት ነገር አንድ ነበር። ሥርዓቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የፈለገውን ሁሉ ያገኝበታል፤ አዲስ ሰው ግን መጫኛው የት እንዳለ ሳያውቅ ገጹን ዘግቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2020 ይፋ የሆነው አዲሱ መነሻ ገጽ ለዚህ ሐሜት የተሰጠ መልስ ነው። ሥራው የተጀመረው የድረ-ገጹ ቡድን በማርች 2019 ተገናኝቶ ከመከረ በኋላ ሲሆን፣ ቡድኑ ራሱ ገጹን ያቀረበው ያለቀለት ነው ብሎ ሳይሆን ጥሩ የመጀመሪያ እርምጃ ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዴቢያን 11፣ 12 እና 13 ወጥተዋል። ስለዚህ አሁን ገጹን ከመልኩ ይልቅ በሥራው መመዘን ይቻላል።

የቀድሞውን ገጽ ለማያስታውስ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዴቢያን 6 ጋር የመጣ መልክ ነበር። መሐሉን ረጅም የጽሑፍ አንቀጽ ይሞላዋል፣ ቀሪው ቦታ በሊንክ ዝርዝር የተጨናነቀ ነው፣ የማውረጃው ሊንክ ደግሞ ከላይ በስተቀኝ ጥግ ላይ በትንሽ ሳጥን ተቀምጧል። አዲሱ ይህን ገለበጠው። ሲከፈት ዓይን የሚያርፈው ዳውንሎድ የሚለው ትልቅ ቁልፍ ላይ ነው። ከሥሩ ፋይሉ ለ64-ቢት ፒሲ የሚሆን የኔትወርክ መጫኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ወደ ሌሎች ማውረጃዎች የሚወስድ ሊንክ። ወረድ ሲባል ስለ ሰዎቹ፣ ስለ ፕሮጀክቱ ፍልስፍና፣ ስለ ደኅንነት ማስታወቂያዎችና ስለ እርዳታ የሚናገሩ አጫጭር ክፍሎች ይመጣሉ። ዴቢያን የኩባንያ ሳይሆን የበጎ ፈቃደኞች ሥራ መሆኑን ገጹ አሁን በግልጽ ያሳያል፤ ይህ ቀድሞ የተደበቀ ነገር ነበርና ደስ ይላል። ቅልጥፍናውም አልተነካም። ገጾቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው የሚቀመጡ ስታቲክ ፋይሎች ናቸው፣ ጃቫስክሪፕት ቢጠፋም ይነበባሉ፣ በደካማ የሞባይል ዳታም ይከፈታሉ። ብዙ ድረ-ገጾች ሲታደሱ የሚያጡት ይህንን ነው።

ቁልፉ ሲጫን የሚመጣው ገጽ ማውረዱን በራሱ ይጀምራል። ለማውረድ የተመረጠውን ፋይል ስም፣ የኤስኤችኤ-512 ማረጋገጫ ዝርዝሩን፣ ማለትም ፋይሉ አለመበላሸቱ የሚመሳከርበትን ቁጥር፣ እንዲሁም የፊርማ ፋይሉን አንድ ላይ አቅርቦ ማረጋገጥ እንደማይዘለል ያሳስባል። እንዲህ ያለ ገጽ ከዚህ በፊት አልነበረም። ከ2020 እስከ 2023 የነበረው ትልቁ ችግር ግን ከዲዛይን ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ቁልፉ የሚሰጠው ፋይል ለአብዛኛው ላፕቶፕ የማይሆን ፋይል ነበር።

ምክንያቱ ፈርምዌር ነው። እንደ ኢንቴል ያሉ የዋይፋይ ካርዶች ድራይቨራቸው (ሥርዓቱ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ካርዱ ሲነሳ ወደ ውስጡ የሚጫነው ፈርምዌር ነፃ ሶፍትዌር (ምንጩ ክፍት የሆነና ማንም ሊለውጠው የሚችል) ስላልሆነ የዴቢያን ደንብ ከኦፊሴላዊው መጫኛ ያስወጣው ነበር። ተጠቃሚው ትልቁን ቁልፍ ይጫናል፣ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ይጽፋል፣ መጫኑን ይጀምራል፣ ከዚያ መሐል መንገድ ላይ ኔትወርክ ካርዱ ፈርምዌር ይጎድለዋል የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ፈርምዌሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ፈርምዌሩ። ፈርምዌር ያለበት መጫኛ በዚያን ጊዜም ነበረ። ሆኖም ኦፊሴላዊ ያልሆነ ተብሎ በሌላ ማውጫ ውስጥ የተቀመጠ ስለነበር በትልቁ ቁልፍ የሄደ ሰው አያገኘውም። ስለ አዲሱ ገጽ ከተሰነዘሩት ወቀሳዎች ሁሉ ፍትሐዊው ይህ ነበር፤ የድረ-ገጹ ቡድን ግን ብቻውን ሊፈታው አይችልም። መፍትሔው የመጣው በድምፅ አሰጣጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዴቢያን አባላት ፈርምዌሩ በኦፊሴላዊው መጫኛ ውስጥ እንዲካተት ወሰኑ፣ ጁን 10 ቀን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ውሳኔውን በሥራ ላይ አዋለው። ቁልፉ የታሰበለትን ሥራ መሥራት የጀመረው ያን ቀን ነው። ዋጋውም ፋይሉ ላይ ይታያል። የዴቢያን 11 የኔትወርክ መጫኛ 400 ሜጋባይት አካባቢ ነበር፣ ኦገስት 9 ቀን 2025 የወጣው የዴቢያን 13 ወደ 800 ሜጋባይት ተጠግቷል።

አሁንም ከዚህ የሚያመልጡ ካርዶች አሉ። ከብሮድኮም ካርዶች አንዳንዶቹ ፈርምዌራቸው እንደገና የማሰራጨት ፈቃድ ስለሌለው መጫኛው ውስጥ ሊገባ አይችልም። እንዲህ ሲያጋጥም ፈጣኑ መንገድ አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያጋራውን የዩኤስቢ ቴዘሪንግ ማብራት ነው። መጫኛው ስልኩን እንደ ባለገመድ ኔትወርክ ያየዋል፣ ፈርምዌርም አይጠይቅም። ስልኩን ማገናኘትና ቴዘሪንጉን ማብራት ግን መጫኛው ኔትወርክ ወደሚፈልግበት ደረጃ ከመድረሱ በፊት መሆን አለበት። ዘግይታችሁ ካገናኛችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የኔትወርክ ሃርድዌር ፍለጋውን እንደገና አስነሱት። ይህን ምክር የማውረጃው ገጽ ላይ አታገኙትም።

ቀሪው ትልቅ ጥያቄ ‘ኔትወርክ መጫኛ’ የሚለው ቃል ላይ ነው። ለሚያውቀው ግልጽ ነው። ለማያውቀው ‘በኔትወርክ የሚወርድ መጫኛ’ ማለት ሊመስለው ይችላል። ትክክለኛው ትርጉም ፋይሉ ውስጥ ያለው መሠረታዊው ሥርዓት ብቻ ነው፣ ዴስክቶፑና ሌላው ሁሉ በሚጫንበት ጊዜ ከኢንተርኔት ይመጣል ማለት ነው። ግኖም ዴስክቶፕን የመረጠ ሰው ከወረደው ፋይል በላይ ሌላ አንድ ጊጋባይት ገደማ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ዳታ ያወጣል፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ሌላው ዴስክቶፕ ቀለል ይላል። በፓኬጅ ዳታ ለሚጠቀም ወይም መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ይህ ወሳኝ መረጃ ነው። ከቁልፉ ሥር በአንድ መስመር ሊገለጽ ሲችል አልተገለጸም። በመጫን መሐል ኔትወርኩ ቢቋረጥ መጫኛው ስህተት ያሳያል፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከመጀመር ይልቅ ወደ ዋናው ዝርዝር ተመልሶ ያንኑ ደረጃ መድገም ይሻላል፣ እስከዚያ የወረደው አይባክንምና።

ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ለሚጭን ሰው ትክክለኛው ፋይል ዲቪዲ-1 የሚባለው ነው። መጠኑ ወደ 4 ጊጋባይት ይጠጋል፣ ዴስክቶፑን በውስጡ ይዟል፣ ስሙ ዲቪዲ ቢሆንም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይጻፋል። የሚገኘው ሌሎች ማውረጃዎች በሚለው ሊንክ ገብቶ፣ ከትንሹ መጫኛ ቀጥሎ የተሟላ ትልቅ መጫኛ የሚለውን መርጦ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ቁጥር ያላቸው ዲቪዲዎች ቢታዩም ከመጀመሪያው ውጭ ሌላ አያስፈልግም፤ ገጹ ይህንን ጎላ አድርጎ ስለማይናገር ሁሉንም ለማውረድ የሚሞክር ሰው አይጠፋም። በዚህ ፋይል ከመስመር ውጭ የጫነ ሰው በኋላ የሚገጥመው ችግር ደግሞ የታወቀ ነው። አዲስ ፕሮግራም ሊጭን ሲል አፕት የሚባለው የዴቢያን የፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ ‘ዲስኩን አስገባ’ እያለ ይቆማል። መጫኛው ፍላሹን እንደ ሲዲ መዝግቦ በአፕት የምንጮች ዝርዝር ፋይል ውስጥ ትቶታል፣ የኢንተርኔት ምንጭ ግን አልጻፈም። መፍትሔው ሲዲሮም የሚለውን መስመር ፊቱ ላይ የመሰላል ምልክት (#) አድርጎ ማሰናከል፣ በምትኩ የዴቢያንን አጠቃላይ አገልጋይ ከሥርዓቱ መጠሪያና ከዋናው ክፍል ጋር ማስገባት፣ ዋይፋዩ ነፃ ያልሆነ ፈርምዌር የሚፈልግ ከሆነ የፈርምዌር ክፍሉንም መጨመር፣ ከዚያ አፕትን ማዘመን ነው። የደኅንነት ማሻሻያ ምንጩም በዚያው ፋይል ውስጥ መኖሩን ማየት ይገባል፤ የሌለበት ሥርዓት ሳይታወቅ ያረጃል።

ሦስተኛው አማራጭ ላይቭ ነው። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይነሳል፣ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ መሥራታቸው ይታያል፣ ከተስማማ እዚያው ይጫናል። አዲስ ሰው ከሁሉ በፊት መሞከር ያለበት ይህንን ነው ባይ ነን። ሌላው የሊኑክስ ሥርዓት ፌዶራ ዎርክስቴሽን ገና ከመነሻው የሚሰጠው ላይቭ ፋይል ነው፣ ሊኑክስ ሚንትም በዴስክቶፕ ዓይነት ሲናሞን፣ ኤክስኤፍሲኢና ማቴ ብሎ ሦስት ላይቭ ፋይሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ዴቢያን ግን ላይቩን ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ነው የሚያሳየው፣ እዚያም ከክላውድ ፋይሎችና ዲስክ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ዝርዝር ጋር ተቀላቅሎ። ለሰርቨር ባለሙያ የኔትወርክ መጫኛ ምርጥ ነው፤ ገጹ የታደሰው ግን ለአዲሶች ነው ተብሏልና ቁልፉ ሁለት መሆን ነበረበት።

ስለ ማውረድ ራሱ። የመጫኛ ፋይሎቹ ዋና ማከማቻ ስዊድን ዑሜኦ ውስጥ ነው። ፍጥነቱ ካነሰ ከቅጂ አገልጋዮች ዝርዝር ቀረብ ያለ አገር መርጦ መሞከር ይቻላል። ለሚቆራረጥ መስመር ግን ቶረንት (ፋይሉን ከብዙ ሰዎች በቁራጭ የማውረድ ዘዴ) ይበልጣል፤ ከቆመበት ይቀጥላል፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ራሱ ስለሚያረጋግጥ የተበላሸ ፋይል አይሰጥም። በብራውዘር ያወረደ ሰው ግን ማረጋገጡን እንዳይዘለው። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ ሰርትዩቲል በሚባለው ትዕዛዝ የፋይሉን ኤስኤችኤ-512 ቁጥር ማውጣት ይቻላል፣ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም። የወጣውንና ከገጹ የወረደውን ቁጥር አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ከላይና ከታች አስቀምጦ ማመሳከር ነው። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል። ቁጥሩ መግጠሙ ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱን ይነግራል። ቁጥሩን የያዘው ዝርዝር ራሱ ከዴቢያን መምጣቱን የሚያረጋግጠው ግን የፊርማ ፋይሉ ነው። የፊርማ ቁልፎቹ አሻራ በራሱ ገጽ ላይ ተዘርዝሯል፣ ጂፒጂ በሚባለው የፊርማ መመርመሪያ ፕሮግራም ይመረመራል።

ወደ ፍላሽ መጻፍ ላይ ገጹ በጣም ይቆጥባል። ፋይሉ በዲስክም በፍላሽም እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ መሆኑን ተናግሮ ወደ ጥያቄና መልስ ገጹ ይልካል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ደግሞ እዚህ ነው። የወረደውን የመጫኛ ፋይል (አይኤስኦውን) እንደ ማንኛውም ፋይል ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፣ ኮምፒውተሩ ከእሱ አይነሳም። ዊንዶውስ ላይ ሩፉስ የሚባለውን የፍላሽ መጻፊያ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው መጻፍ ሲጀምር በአይኤስኦ ወይስ በዲዲ መንገድ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ ዲዲን ይምረጥ። ከተጻፈ በኋላ ዊንዶውስ ‘ፍላሹን ፎርማት አድርግ’ ቢል እሺ አይባልም፣ ያኔ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ሊኑክስ ላይ በተራው የኮፒ ትዕዛዝ መጻፍ ይበቃል፤ መድረሻው ግን ፍላሹ በሙሉ እንጂ ቁጥር ያለው ክፍልፋዩ መሆን የለበትም። ክፍልፋዩ ላይ ከተጻፈ አይነሳም። በስህተት የሃርድ ዲስኩ ስም ከተሰጠ ደግሞ ዲስኩ ላይ ያለው ይደመሰሳል፣ ስለዚህ ፍላሹ ከመሰካቱ በፊትና በኋላ የዲስኮቹን ዝርዝር ማወዳደር ነው። መጨረሻ ላይ ጽሑፉ በሙሉ ፍላሹ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን የሲንክ ትዕዛዝ ሳይሰጡ መንቀል ፋይሉን ጎዶሎ ያደርጋል።

አንድ ነገር እዚህ ጣልቃ ይግባ፣ ምክንያቱም በየጊዜው ስለሚያስቸግር። መጫኛው የሩት (የሥርዓቱ ዋና አስተዳዳሪ) የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ባዶ ብታልፉት የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሱዶ የሚባለውን የአስተዳዳሪ ትዕዛዝ የመጠቀም ፈቃድ ያገኛል። ከሞላችሁት ግን አያገኝም፣ በኋላም ‘ሱዶ እምቢ አለኝ’ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። መጫኛው ራሱ ይህንን በጽሑፍ ያስረዳል፤ በችኮላ የሚያነበው ጥቂት ነው።

ከመነሻው አልፎ ወደ ውስጥ የገባ ሰው እድሳቱ የት እንዳበቃ ይገባዋል። ከላይ ያለው የፍለጋ ሳጥን የሚፈልገው የድረ-ገጹን ጽሑፍ ነው። ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው የፓኬጆች ገጽ ወደሚባለው ሌላ ገጽ መሄድ አለበት፣ ያ ደግሞ የራሱ መልክና የራሱ ደንብ አለው። እዚያ ቅንብሩ ካልተቀየረ ፍለጋው በፓኬጁ (በፕሮግራሙ ጥቅል) ስም ብቻ ነው የሚፈልገው። ለምሳሌ የግዕዝ ፊደል ፎንት የሚፈልግ ሰው ‘ኢትዮፒክ’ ብሎ ቢፈልግ የሲል አቢሲኒካ ፎንት ላይመጣለት ይችላል፣ ፓኬጁ ስሙ ላይ ያንን ቃል አልያዘምና። ፍለጋውን ወደ መግለጫዎች መቀየር አለበት። ዊኪው፣ የስህተት መዝገቡና የኢሜይል ዝርዝሮቹም እንዲሁ በየራሳቸው መልክ የሚኖሩ ናቸው። ለሚያውቃቸው ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፣ ለአዲስ ሰው ግን ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት የገባ ያህል ይሰማዋል። 64-ቢት ፒሲ የሚለው ጽሑፍም ማብራሪያ ይሻል። ዴቢያን 13 ለአሮጌ 32-ቢት ኮምፒውተር መጫኛ የለውም። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው የመጨረሻው አማራጩ ዴቢያን 12 ነው።

የቋንቋው ነገር በተለይ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች ያሉ አማርኛ አንባቢዎችን ይነካል። የዴቢያን ድረ-ገጽ ቋንቋ የሚመርጠው ብራውዘሩ ከሚልከው የቋንቋ ምርጫ ነው፤ ኩኪ አያስቀምጥም። ብራውዘሩ በዐረብኛ ወይም በዕብራይስጥ የተዋቀረ ኮምፒውተር ላይ ገጹ በዚያ ቋንቋ ሊከፈት ይችላል፣ ትርጉሙ ያልደረሰበት ገጽ ላይ ሲገባ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይዘላል። ከገጹ ግርጌ ካለው ዝርዝር እንግሊዝኛን መምረጥ ለዚያ ገጽ ብቻ ይሠራል፣ ቀጣዩ ሊንክ ሲነካ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ብልሽት አይደለም። ዘላቂው መፍትሔ የብራውዘሩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ለድረ-ገጾች ከተመረጡት ቋንቋዎች እንግሊዝኛን አንደኛ ማድረግ ነው። ኩኪ አለመጠቀማቸው ትክክል ነው እንላለን፣ ተጠቃሚን አለመከታተል ዋጋ ያለው ነገር ነውና። የቋንቋው ዝርዝር ግን ምርጫው ለአንድ ገጽ ብቻ መሆኑን በጉልህ ሊናገር ይገባል።

ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። የሚያስቆጨው መጫኛው ራሱ አማርኛ ማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2009 የወጣው ዴቢያን 5 በ63 ቋንቋዎች ሲጫን አዲስ ከተጨመሩት አንዱ አማርኛ ነበር፤ በግራፊክ መጫኛው ብቻ ከሚሠሩት 13 ቋንቋዎች ውስጥ። በጎ ፈቃደኞች ያንን ያህል ደክመው መጫኛውን በአማርኛ ሲያናግሩ፣ መጫኛው ድረስ የሚያደርሰው ገጽ ግን ዛሬም አማርኛ አይናገርም።

ይህንን ለማስተካከል የዴቢያን አባል መሆን አያስፈልግም። የድረ-ገጹ ምንጭ ሳልሳ በሚባለው የዴቢያን ጊትላብ (የምንጭ ኮድ ማከማቻ) ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። የእንግሊዝኛው ማውጫ ውስጥ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ፋይል አለ። ተርጓሚው በቋንቋው ስም ማውጫ ከፍቶ ፋይሉን ይገለብጣል፣ ጽሑፉን ይተረጉማል፣ ከላይ ደግሞ የተረጎመው የትኛውን የእንግሊዝኛ ቅጂ እንደሆነ የሚመዘግብ አንድ መስመር ያስቀምጣል። ይህ መስመር እንዳይረሳ፤ እንግሊዝኛው ሲቀየር ትርጉሙ ማርጀቱን ሥርዓቱ የሚያውቀውና ለአንባቢው የሚያስታውቀው በእሱ ነው። በየገጹ የሚደጋገሙት የላይና የግርጌ ጽሑፎች ለብቻቸው ፒኦ በሚባሉ የትርጉም ፋይሎች ይተረጎማሉ፣ እነሱ ካልተሠሩ ገጹ ግማሽ እንግሊዝኛ ሆኖ ይቀራል። ከመጀመር በፊት ለድረ-ገጹ ቡድን የኢሜይል ዝርዝር አዲስ ቋንቋ ለመክፈት መታሰቡን ማሳወቅ፣ የመጫኛውን የአማርኛ ትርጉም አውርዶ ያሉትን ቃላት ማየት፣ አንዱ ‘ክፍልፋይ’ ሲል ሌላው ሌላ እንዳይል መስማማት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ የሚበቁት ገጾች መነሻው፣ የማውረጃው ገጽና የሌሎች ማውረጃዎች ዝርዝር ናቸው። ሦስቱንም አንድ ሰው በጥቂት ምሽቶች ይጨርሳቸዋል።